የኢንዱስትሪ ተረፈ ምርት ለማዕድን ማውጫና ለካባ መንገድ፦ በሆሳዕናና በአካባቢዋ የትኛው ይሠራል?

መግቢያ

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን ስለ መንገድ ሥራ ስንማር በአብዛኛው የምንማረው ስለ ሕዝብ መንገድ ነው። ከካባ ወይም ከማዕድን ጉድጓድ ተነሥቶ ዋናውን መንገድ እስኪያገኝ ድረስ ያለው መንገድ ግን ከአንድ ሁለት ገጽ አያልፍም። ነገር ግን ለአስፋልቱ፣ ለኮብልስቶኑና ለሕንፃው የሚሆነው ድንጋይ ሁሉ የሚመጣው በዚያ በተረሳው መንገድ ላይ ነው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች፣ ማለትም በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገናና በሾኔ፣ ግንባታ በጨመረ ቁጥር የካባ መንገዱም ጫና ይጨምራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በሌሎች አገሮች የማዕድን ማውጫ መንገዶች በፋብሪካ ተረፈ ምርት (በአመድ፣ በስላግ፣ በሲሚንቶ ምድጃ ብናኝ) ይጠናከራሉ። ይህ ዘዴ ለእኛ አካባቢ ይሆናል ወይ? ከሆነስ በየትኛው ተረፈ ምርት? ብዙ ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንመርጥ ውጭ አገር የተሠራውን እንዳለ አምጥተን የኢትዮጵያን ስም እንጨምርበታለን። እዚህ ላይ ግን መጀመሪያ «ቆሻሻው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አይደለም። ክረምት ሲገባ የካባ መንገድ ይቆረጣል። መኪና ካልገባ በማኅበር ተደራጅተው ድንጋይ የሚፈልጡት ወጣቶች ሥራ ይፈታሉ፣ ከተማ ውስጥ የድንጋይ ዋጋ ይወጣል፣ መሠረት ያስቆፈረ ሰው ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶበት ይቀመጣል። በበጋ ደግሞ አቧራው በመንገዱ ዳር ያለውን እንሰት፣ ቡናና ቤት ይሸፍናል። ከምባታ በአገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ የካባ መንገድ በሰው ደጃፍ የማያልፍበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ መንገዱ ላይ የምናፈሰው ነገር ሁሉ ሰው ደጃፍ ላይ እንደፈሰሰ መቆጠር አለበት።

የካባ መንገድ ከሕዝብ መንገድ በምን ይለያል?

በትልልቅ የማዕድን ማውጫዎች የሚሠሩ መኪኖች ለእኛ ለማመን ይከብዳሉ። ካተርፒላር 797ኤፍ የሚባለው መኪና 363 ቶን ይጭናል፣ ከነጭነቱ ከ620 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ይህን ሁሉ የሚሸከመውም በስድስት ጎማ ነው። እኛ ጋ ያለው ሲኖትራክ ነው። ሆኖም ሲኖትራኩም ቀላል አይደለም። 16 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ የጭነት ሳጥን ሙሉ የተፈጨ ድንጋይ ቢጫንበት፣ አንዱ ሜትር ኪዩብ 1.6 ቶን ነው ብንል፣ ጭነቱ ብቻ 25.6 ቶን ይሆናል። ባዶውን መኪና 13 ቶን ገደማ ብንይዝ ጠቅላላው ወደ 39 ቶን ይጠጋል። ከዚህ 32 ቶኑ ኋላ ባሉት ሁለት አክስሎች ላይ ቢያርፍ እያንዳንዱ 16 ቶን ተሸከመ ማለት ነው።

አሁን በክፍል የተማርነውን የአክስል ጭነት ቀመር እናምጣ። መደበኛው አክስል 8.16 ቶን ነው፣ ኃይሉ 4.5 ነው። 16 ቶንን ለ8.16 አካፍለን ወደ 4.5 ኃይል ስናወጣው 20 ገደማ ይመጣል። አንድ አክስል እንደ 20 መደበኛ አክስል ያበላሻል ማለት ነው፣ ሁለቱ 40። አክስሉ 10 ቶን ብቻ ቢሸከም ኖሮ ቁጥሩ 2.5 ብቻ ይሆን ነበር። ጭነቱ በ60 በመቶ ሲጨምር ጉዳቱ በስምንት እጥፍ ይጨምራል። የመንገዱን ዕድሜ ለማራዘም ከሁሉ የረከሰው ዘዴ ታዲያ ምን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፤ ሹፌሮቹና ባለካባዎቹ ግን በዚህ አይስማሙም፣ ምክንያታቸውም ግልጽ ነው።

ሌላው ነገር የጎማ መንከባለል ተቃውሞ ነው። መንገዱ ጠንካራና በደንብ የተጠበቀ ሲሆን ተቃውሞው ከመኪናው ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ጎማ የሚሰምጥበት ለስላሳ መንገድ ላይ 8 በመቶና ከዚያም በላይ ይሆናል። ለ39 ቶን መኪና ሲሰላ 0.8 ቶን የነበረው ጎታች ኃይል 3.1 ቶን ሆነ ማለት ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ እየሄደ ተጨማሪ 6 በመቶ ዳገት እንደሚወጣ ይቆጠራል። ነዳጁ የሚያልቀው፣ ፍሪሲዮኑ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የካባ መንገድ ማጠናከር ለመንገዱ ብቻ ሳይሆን ለነዳጁም ነው።

አፈሩስ? በአካባቢያችን በሰፊው የሚገኘው ቀይ አፈር ሲሆን፣ በረባዳ ቦታዎች ላይ መረሬ (ዋልካ) አለ። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት የሚያብጥ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ሲፈተን ሲቢአሩ ከ3 በመቶ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን የዲዛይን ማኑዋል ለሰብቤዝ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሲቢአር 30 በመቶ ነው። ክፍተቱን ማየት ይቻላል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ስለዚህ ደረቅ አፈር ላይ የተገኘ ውጤት እኛን አያጽናናንም።

የውጭው ተሞክሮና የእኛ ሁኔታ

በዚህ መስክ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ በካናዳ አልበርታ የተሠራው ነው። ታናንትና ሬገንስበርግ እ.ኤ.አ. በ2001 የማዕድን ማውጫ መንገድ ዲዛይን መመሪያ አዘጋጅተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 ታናንትና ኩማር ፍላይ አሽን፣ የምድጃ ብናኝንና ከማዕድን ማውጫው የሚወጣውን ተረፈ አፈርና ድንጋይ ቀላቅለው ለመንገድ ንብርብርነት ያለውን ባሕርይ አጥንተዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። በከባድ መኪና ሥር መንገድ የሚበላሸው የታችኛው አፈር ከመጠን በላይ ሲለጠጥ ነው። ከላዩ ያለው ንብርብር ግትር ከሆነ ጭነቱን በሰፊው ይበትነዋል። ጠጠር ብቻውን የተወሰነ ግትርነት ነው ያለው። አመድ ከኖራማ ነገርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን እንደ ደካማ ሲሚንቶ ይያያዛል፣ ቀን በጨመረ ቁጥርም ይጠነክራል።

አልበርታ ውስጥ ይህ ለምን ተመቸ? ከድንጋይ ከሰል ማውጫው አጠገብ ከሰሉን የሚያነድ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ስለነበረ ነው። ከሰል ጭኖ የሄደው መኪና ሲመለስ አመድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አመዱ ቢቀር ኖሮ ማስወገጃ ቦታና ገንዘብ ይፈልግ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ ታሪኩ ይለያል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ነው። ከእኛ በስተ ደቡብ ምዕራብ በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት ብቻ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከዚያ የሚተርፍ አንድ ኩንታል አመድ የለም። ለአገር ጥሩ ነው፣ ለዚህ ርዕስ ግን አይመችም። «ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከሰል ያነዳሉ እኮ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ግን በሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ የከሰሉ አመድ ከክሊንከሩ ጋር ተዋህዶ ሲሚንቶ ሆኖ ይወጣል እንጂ ለብቻው አይከመርም። አመድ የሚከመረው ከሰል በቦይለር በሚያነዱ ፋብሪካዎች ነው፣ እነሱም ከሆሳዕና ሩቅ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ረጲ ላይ የተመረቀው ከደረቅ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያም አለ። ከከተማ ቆሻሻ ቃጠሎ የሚተርፍ አመድ በአውሮፓ ለመንገድ ሥር ንብርብር ውሏል። ግን እንዲህ ያለ አመድ እርሳስና ካድሚየም ሊይዝ ስለሚችል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ምን እንደሚለቅ ሳይፈተን፣ ከላዩም ሳይሸፈን መንገድ ላይ አይበተንም። የካባ መንገድ ደግሞ ክፍት ነው፣ ጎማ ይፈጨዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ይህ አመድ ለካባ መንገድ የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት።

ርቀት ሁሉን ይወስናል

ብዙ የላቦራቶሪ ጽሑፎች የሚዘሉትን ሂሳብ እዚህ ላይ እንሥራ። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ስፋቱ 6 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 1,200 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። ተጠቅጥቆ 1.8 ቶን በሜትር ኪዩብ ቢመዝን 2,160 ቶን ነው። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ ደርሶ መልስ 460።

ሙሉ ንብርብሩን ከአዲስ አበባ ዙሪያ በሚመጣ ተረፈ ምርት እንሥራ ብንል፣ በ25 ቶን መኪና 87 ጉዞ፣ ከ40,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ቆሻሻው በነጻ ቢሰጠንም ነዳጁ ይጨርሰናል። 10 በመቶ ብቻ እንደ ማያያዣ ብንቀላቅል ግን 216 ቶን፣ ማለትም 9 ጉዞ ይበቃል፤ ወደ 4,100 ኪሎ ሜትር። ይህ የሚታሰብ ነው። እንግዲህ ከሩቅ የሚመጣ ነገር በትንሽ መጠን ሥራ የሚሠራ ማያያዣ መሆን አለበት፣ ንብርብሩን የሚሞላው ግን ከአጠገባችን መገኘት አለበት።

ማያያዣ ለመሆንም ሁሉም አመድ እኩል አይደለም። የካልሲየም ኦክሳይድ መጠኑ ከ18 በመቶ በላይ የሆነ ፍላይ አሽ በራሱ ይያያዛል። ዝቅተኛው ግን ኖራ ካልተጨመረበት እንደ ተራ ዱቄት ነው። የሸንኮራ አገዳ ገለባ (ባጋስ) አመድም ከሁለተኛው ወገን ነው፣ ሲሊካ ቢኖረውም ኖራ ይፈልጋል። ወንጂን፣ መተሐራንና ፊንጫን የመሳሰሉ ስኳር ፋብሪካዎች ገለባውን ለእንፋሎት ስለሚያነዱት አመዱ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል፣ ርቀቱ ግን አሁንም አለ።

ስለ ቡና ገለባ አመድ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚመረጥ ርዕስ ነው። ቡና በአካባቢያችን ስለሚበቅል ርዕሱ ያምራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ጥቂት ኪሎ አፈር ላይ ሲሞከር ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ግን ከ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ አመድ ተረፈ ብንል፣ ለዚያ ለአንድ ኪሎ ሜትር 216 ቶን አመድ ለማግኘት 4,320 ቶን ገለባ ማቃጠል አለብን። በዚያ ላይ ይህ አመድ ፖታሲየም ይበዛበታል፣ ፖታሲየም ደግሞ በውሃ ይታጠባል። ለእንሰት ማሳ ማዳበሪያ ቢሆን ይሻለዋል ባይ ነኝ። መንገድ ሠሪው የሚፈልገው ፋብሪካው ለራሱ ጉዳይ አቃጥሎ የጣለውን ነው። ለመንገድ ብለን የምናቃጥለው ከሆነ ተረፈ ምርት መሆኑ ቀርቶ ምርት ሆነ ማለት ነው።

አጠገባችን ያለው

በአካባቢያችን የኢንዱስትሪ ተረፈ ምርት ስንል ትልቁ ራሱ ካባው ነው። ድንጋይ ሲፈለጥ፣ ኮብልስቶን ሲጠረብ፣ ክሬሸር ሲፈጭ የሚተርፈው። ከካባው አፍ የሚነሣው የላይ አፈር፣ ለሽያጭ የማይሆነው የበሰበሰ ድንጋይ፣ የጠረባ ስንጥርጣሪ፣ የክሬሸር ብናኝ። ብናኙን ሠራተኛው «ዜሮ ዜሮ» ይለዋል። ብሎኬት አምራች ስለሚገዛው ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው ማለት አይቻልም። ግን በጣም ደቃቁና ክረምት ላይ ርሶ የሚጋገረው ገዢ አጥቶ የሚከመርበት ጊዜ አለ። በትልልቅ የማዕድን ማውጫዎችም ቢሆን የመንገዱን አብዛኛውን አካል የሚሠራው ይኸው ከጉድጓዱ የሚወጣው ተረፈ ድንጋይ ነው፤ አመዱ ቅመም ነው።

ሌላው ሬድ አሽ ነው። ከቡታጅራ ስልጤ እስከ ቢሾፍቱ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያሉት ትንንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የዚህ ምንጭ ናቸው። ሬድ አሽ የፋብሪካ ቆሻሻ አይደለም፣ ግን ስለ እሱ የተሠራው ጥናት ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግሊዝ የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ከኢትዮጵያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ጋር በመሆን የኢትዮጵያን ሬድ አሽ ለመንገድ አጥንቶ ነበር። ዋናው ችግር ደቃቅ ማጣቱ ነው፤ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ስለማይያያዙ ከጎማ ሥር ይንሸራተታሉ። ደቃቅ አፈር ሲቀላቀልበት ግን ተጠቅጥቆ ይጸናል። ሳይንሱ ከሲሚንቶ ኬሚስትሪ ጋር አይገናኝም፣ ትልቁ ባዶ ቦታ በትንሹ ይሞላል፣ በቃ። አንዱ የጎደለው ደቃቅ ነው፣ ሌላው ካባ ላይ የተረፈውም ደቃቅ ነው።

ለላይኛው ንብርብር ድብልቁ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? የደቡብ አፍሪካ የጠጠር መንገድ መመሪያ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፣ ሁለቱንም በእኛ ላቦራቶሪ መለካት ይቻላል። የመጀመሪያው የመኮማተር ብዜት ነው፦ የአፈሩ የርዝመት መኮማተር በመቶኛ፣ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ባለፈው መቶኛ ተባዝቶ። ከ100 እስከ 365 መሆን አለበት። ሁለተኛው የፍሬ ስርጭት መለኪያ ነው፦ በ26.5 ወንፊት ካለፈው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈው ተቀንሶ፣ በ4.75 ወንፊት ባለፈው ተባዝቶ፣ ለ100 ተካፍሎ። ከ16 እስከ 34 ይፈለጋል።

የክሬሸር ብናኝ ብቻውን አይኮማተርም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥሩ ዜሮ ነው። መንገዱ በበጋ ይፈረፈራል፣ አቧራ ይሆናል፣ እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል። ቀይ አፈር ብቻውን ደግሞ ቁጥሩ ከ365 ሊያልፍ ስለሚችል በመጀመሪያው ዝናብ ሳሙና ይሆናል። ድብልቁ በ0.425 ወንፊት 25 በመቶ የሚያልፍ፣ መኮማተሩ 6 በመቶ ቢሆን፣ ብዜቱ 150 ነው፣ ጥሩ መካከል ላይ አረፈ። ቀዩን አፈር ከየት እናመጣለን? ካባው ሲከፈት ከላይ ከተገፈፈው። አንዱ መኪና ሳይንቀሳቀስ ሁለቱም እዚያው አሉ።

ሊጣል የማይገባው ቆሻሻ

በአገራችን ጋራዦች አካባቢ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አቧራ ያጠፋል ተብሎ መሬት ላይ ሲደፋ ይታያል። አቧራውን ለጊዜው ይይዘዋል፣ አልክድም። ግን የተቃጠለ ዘይት ከሞተር የመጣ ብረትና መርዛማ ነገር ይዟል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የእኛ አካባቢ ውሃ በምሥራቅ በኩል በብላቴ ወደ አባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ በኩል ወደ ጊቤና ኦሞ ይወርዳል። ከላይ ያለነው እኛ ነን፣ ከታች ከብት የሚያጠጣ፣ ልብስ የሚያጥብና የሚጠጣም ሰው አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 በእጃችን እያሉ ዘይትን እንደ መንገድ ሥራ ዕቃ መቁጠር ተገቢ አይደለም።

ማዕድንና ብክለት ሲነሣ የሕዝብ ጥርጣሬ ከየት እንደሚመጣም ማወቅ ይገባል። በጉጂ የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነዋሪው ባነሣው የጤናና የብክለት ቅሬታ ምክንያት ታግዶ ነበር። ያ ከመንገድ ጋር የተያያዘ አልነበረም፣ ቢሆንም «ቆሻሻ ልናነጥፍ ነው» ብሎ ወደ ቀበሌ የሚሄድ ተማሪ ምን ጥያቄ እንደሚጠብቀው ያሳያል። መልሱ በወረቀት ላይ የፍተሻ ውጤት መሆን አለበት።

የሲሚንቶ ምድጃ ብናኝም ቢሆን እርጥበት ሲያገኝ ፒኤቹ ከ12 በላይ ይወጣል፣ እጅና ዓይን ያቃጥላል። ባዶ እጁን በአካፋ የሚበትን የቀን ሠራተኛ ላይ ይህን ማዘዝ አይቻልም። ጓንትና መነጽር በወጪው ውስጥ ካልገቡ ሂሳቡ ገና አልተሠራም።

ያረጀ ጎማስ? እኛ ጋ ጎማ በረባሶ ሆኖ፣ ገመድ ሆኖ፣ የጋሪ ጎማ ሆኖ ነው የሚያልቀው፣ እንደ ውጭው ተራራ አይሠራም። ከተገኘ ግን በመንገዱ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በገደሉ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ አፈር ቢሞላበት ይሻላል። የማዕድን መንገድ ጠርዝ ላይ ያለው የአፈር ግንብ ቁመት ቢያንስ የጎማውን ግማሽ መድረስ አለበት ይባላል። የሲኖትራክ ጎማ ከ1.1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር። በካምባታ ዳገታማ ካባዎች ይህ ግንብ የሰው ሕይወት ነው፣ ከየትኛውም አመድ በፊት መምጣት አለበት።

ምን እንሞክር?

ከሁሉ በፊት ቦይ። መካከሉ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ውሃ የማያፈስ መንገድ ላይ ምንም ዓይነት ማያያዣ ቢፈስ ክረምቱን አይሻገርም። ይህን ካደረግን በኋላ ዲፓርትመንታችን በአንድ ፈቃደኛ ካባ ላይ 300 ሜትር መንገድ ቢመርጥ በሦስት ከፍሎ መሞከር ይችላል። የመጀመሪያው 100 ሜትር እንዳለ ይተዋል። ሁለተኛው በክሬሸር ብናኝ፣ በጠረባ ስንጥርጣሪና በቀይ አፈር ድብልቅ ይሠራል። ሦስተኛው ያንኑ ድብልቅ ከጥቂት ኖራ ጋር ይወስዳል። ኖራው በኋላ አመድ ቢገኝ የሚተካበት ነው። ሦስቱም እኩል ውፍረት ይኑራቸው፣ እኩል ይጠቅጠቁ፣ ያው መኪና ይመላለስባቸው።

መለኪያው ዲሲፒ ነው፣ ሁለት ሰው ይበቃዋል። ግንቦት ላይ አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ መካከል መሬቱ ጠጥቶ ሲጠግብ አንድ ጊዜ፣ ኅዳር ላይ ሲደርቅ አንድ ጊዜ። ከዲሲፒው ጎን የጎማ ጎድጓዳው ጥልቀት በቀጥታ እንጨትና በማስመሪያ ይለካ፣ በቀን ስንት መኪና እንዳለፈና ምን ያህል እንደጫነ በደብተር ይያዝ። የነሐሴው ልኬት ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ በሚዘጋበት ወቅት ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የመጡ፣ ክረምቱን ቤታቸው የሚያሳልፉ ሁለት ተማሪዎች ከወዲሁ ቢመደቡበት ጥሩ ነው።